ከቡልጋሪያ ያልመጣው ዜማ

«እንደገና!» አሉ ጓድ ይገዙ ከፊት ወንበር ሆነው። «ያቺን የቡልጋሪያዋን እንደገና!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ የተኮለኮሉት የሰፈር ልጆች ሳቃቸውን ለመደበቅ አፋቸውን በሹራባቸው ክንድ አፈኑ። ጽጌረዳ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ ቀኝ እግሯ ግን ከወንበሩ ሥር አላርፍ አለ። ዜማዋ ከሕንድ ፊልም ናት። ሁለት ፍቅረኞች ባቡር ጣቢያ ላይ ሲለያዩ የሚዘፍኗት ናት። ይህን የማያውቁት ጓድ ይገዙ ብቻ ነበሩ።

ደግማ ተጫወተችላቸው። ምን ታድርግ?

ጊዜው ነሐሴ ሰባ አምስት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የጉለሌ ዳገት ጭቃ ብቻ ሆኗል። በዚያ ክረምት የቀበሌው ወጣት የነበረው ደስታ የእሑድ ከሰዓቱ ፒያኖ ነው። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ ሰባት የፊልም ዜማዎች ትጫወታለች፤ ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ። አዳራሹ የአንድ ሀብታም ሳሎን ነበር። ቤቱ ሲወረስ ሶፋውም ምንጣፉም የት እንደገባ የሚናገር ጠፋ። ፒያኖው የተረፈው አብዮቱ ስለራራለት እንዳይመስላችሁ፤ በበሩ አልወጣ ብሎ ነው።

ያን ጊዜ ዜማም ፓስፖርት ይጠየቅ ነበር። ከእያንዳንዱ እሑድ በፊት አንድ ቅጽ ይሞላል። የፊልሙ አገር፣ የፊልሙ ጭብጥ፣ ለሰፊው ሕዝብ ያለው ጥቅም፣ የዜማው ምንጭ። የባህል ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ይገዙ ካላዩትና ማኅተም ካላረፈበት አንድ ቁልፍ አይነካም። ለመጀመሪያው እሑድ ጽጌረዳ ቅጹን ራሷ ሞላችና «ሕንድ፣ ፍቅር» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ተመለሰላት። ከዚያ ወዲያ ቅጹን የሚሞላውም መድረክ ላይ የሚያነበውም ጓደኛዋ ስብሐት ሆነ። ስብሐት ጽሕፈቱ ያምራል፤ ምላሱ ደግሞ ከጽሕፈቱ ይብሳል። የሕንዷን «ቡልጋሪያ፣ የጋራ እርሻ ገበሬዎች ትግል» አላት። የጣሊያኗን የፈረሰኞች ዜማ ኩባ አደረጋት። ማኅተሙ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ጓድ ይገዙ ወደ ፒያኖው መጡ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ጓድ ጽጌረዳ፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» አሏት። «እዚያ መካከሉ ላይ ስትደርሺ፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚለው... የአባቴ በሬዎች ሲራመዱ ይሰማኛል።»

«እሺ» አለች ጽጌረዳ።

«የሚመጣው እሑድ እንግዳ አለን። እዚህ ሆስፒታል የሚሠሩ ቡልጋሪያዊ ሐኪም ናቸው። የአገራቸውን ዜማ ከጉለሌ ልጅ ጣት ሲሰሙ አስቢው!»

ጽጌረዳ ስብሐትን ፈለገችው። በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል።

ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ ዝናቡ ያዛቸውና አንድ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠለሉ።

«አሁን ምን ይውጠን?» አለችው።

«አቦ፣ አትረበሺ። ሰውየው ሐኪም ነው እንጂ የዜማ ኢንስፔክተር ነው? የአገሩን ዜማ ሁሉ ያውቃል ያለሽ ማነው?»

«ፊልሙስ ምን ይባላል ብሎ ቢጠይቅ?»

«እሱንም አስቤበታለሁ።» ስብሐት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የዜማው ምንጭ የሚለው ላይ ጋሽ ገለታን ነው የጻፍኳቸው። ከተነቃብን በቃ፣ እሳቸው ናቸው የቡልጋሪያ ነው ያሉን እንላለን። ሽማግሌ ተሳሳተ ተብሎ ምን ይደረጋል?»

ጽጌረዳ ፊቷ ጋለ። ጋሽ ገለታ የአዳራሹ ዘበኛ ናቸው። በደጉ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። ዛሬም ፒያሳ ሲኒማ ቤት ገብተው ዓይናቸውን ጨፍነው ፊልሙን ይሰሙና ዜማውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። «ሥዕሉ ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። ሰባቱንም ዜማ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሦስት ዓመት ታስረው ወጥተዋል። ለምን እንደታሰሩ የነገራቸው የለም፤ ለምን እንደተፈቱም እንደዚያው።

«አንተ ሰው ነህ?» አለችው። «ምን እንደሚደረጉ አታውቅም? የኮሚቴውን ማኅተም አታለለ ብለው ነው የሚመልሷቸው!»

«ታዲያ እኔ ልታሰር?»

«የጻፍከው አንተ ነህ!»

«ያነበብኩትም እኔ ነኝ፤ የተጫወትሽውስ አንቺ አይደለሽም? ሦስት እሑድ ሙሉ ከጎንሽ ቆሜ ቡልጋሪያ ስል ምን አልሽ? ጎንበስ ብለሽ እጅ ነሳሽ! አሁን ቅድስት ሆንሽብኝ።»

ጽጌረዳ ዝናቡ ሳያባራ ትታው ሄደች። እየተራመደች ተሳደበች፤ ግማሹ ስድብ ለስብሐት ነበር፣ ግማሹ ለራሷ።

ያን ሳምንት ቤት ውስጥ አርፋ አልተቀመጠችም። ሰሃን ታጥብና አጋምሳ ትተወዋለች። ደብተር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እናቷ ወይዘሮ ብርቅነሽ «ይቺ ልጅ ምን ነካት? በፍልሰታ እንኳ ትንሽ አትረጋጊም?» አሏት። ጠረጴዛውን በጣቶቿ መደብደቧን የምታውቀው ሌላ ሰው ሲቆጣት ነው።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ጋሽ ገለታ ደስ ብሏቸው ጠበቋት።

«እንግዳ አለ አሉ፤ የውጭ ሰው» አሉ። «ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግራ እጅሽን ብቻ አታጣድፊ። ባቡሩ ገና መነሳቱ ነው፤ ምን ያስሮጥሻል?»

«ጋሽ ገለታ፣ ያንን የኮሚቴውን ቅጽ አይተውት ያውቃሉ?»

«በምን ዓይኔ? መነጽሬ ከተሰበረ ዓመት አለፈው። ደግሞ የወረቀቱን ነገር ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔ ከወረቀት ጋር ተጣልቻለሁ።» ሳቁ። «ምነው፣ ምን አለበት?»

«ምንም» አለች። ከአፏ ሲወጣ ጠላችው።

እሑድ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ጓድ ይገዙ ከፊት ያለውን ወንበር ነጭ ጨርቅ ያለብሱ ነበር፤ ለሐኪሙ መሆኑ ነው። ማኅተም ያረፈበት ቅጽ ፒያኖው ላይ ተቀምጧል።

«ጓድ ይገዙ፣ እስክሪብቶዎን ያበድሩኝ?»

ሰጧት። ተራ ቁጥር አንድ ላይ «ቡልጋሪያ» የሚለውን ሰረዘችና «ሕንድ» ብላ ጻፈች። ቁጥር ሁለት፣ ኩባን ሰረዘች። ቁጥር ሦስትን፣ አራትን፣ አምስትን፣ ስድስትን። ጓድ ይገዙ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ኋላ ወረቀቱን ከእጇ ነጠቁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውሸት ነው የተጻፈው። ትክክለኛው አሁን የጻፍኩት ነው።»

«ማን ነው የጻፈው?»

ስብሐት ከበሩ ሥር ደርሶ ነበር። ቆሞ ጫማውን ያያል። ጽሕፈቱ የእሷ እንዳልሆነ ጓድ ይገዙ ያውቃሉ፤ ጽጌረዳም እንደሚያውቁ ታውቃለች።

«ከታች ያለው የተጫዋች ፊርማ የእኔ ነው» አለች።

«ገለታስ? ምንጭ ተብለው ተመዝግበዋል!»

«ዜማውን አስተማሩኝ እንጂ ወረቀቱን አላዩትም። ስማቸው የተጻፈው ሳይጠየቁ ነው። እሱንም ልሰርዘው?»

ጓድ ይገዙ ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ፣ ነጭ ጨርቅ ያለበሱት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ገበሬ የለበትም?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ያ ዱም፣ ዱም የሚለው?»

«ባቡር ነው።»

ቁጣው ከዚያ በኋላ መጣ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «ተሳለቃችሁብኝ! ልጆች ከኋላ የሚስቁት ለዚህ ነዋ! ነገ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤት ትቀርቢያለሽ!» እስክሪብቶውን መንጭቀው የገለታን ስም ራሳቸው ሰረዙት፤ ወረቀቱ ተቀደደ። «ፒያኖውም ይቆለፋል!»

«እሺ» አለች ጽጌረዳ። «ቁጥር ሰባት ግን እውነት ነው። የሶቪየት የልጆች ፊልም ነው፤ በረዶ ውስጥ ስለጠፋ ውሻ። እሱ ላይ ማኅተም አለ።»

ጓድ ይገዙ የተቀደደውን ወረቀት አዩት። ማኅተሙ አልተነካም። አዳራሹ መሙላት ጀምሯል፤ ሐኪሙም ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። በሰው ፊት መጮህ አይሆንም። ወረቀቱን ወረወሩላት።

ስብሐት አጠገቧ መጥቶ «ላንብበው?» አለ፤ ድምፁ አይሰማም።

«ራሴ እናገራለሁ።»

ቆመች። ሰማንያ የሚሆን ሰው አፈጠጠባት። ጋሽ ገለታ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መዝጊያውን ተደግፈዋል።

«ዛሬ አንድ ዜማ ብቻ ነው ያለኝ» አለች።

ጉርምርምታ ተነሳ። «የቡልጋሪያዋስ?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«የቡልጋሪያ ዜማ የለኝም» አለች።

ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቀችም፤ ዞራ ተቀመጠች። ቁጥር ሰባት አጭር ናት። ሰው ለመውጣት ሲነሳ እየተጣደፈች የምትጨርሳት ስለሆነች፣ ውስጧ ምን እንዳለ ጽጌረዳ ራሷ ሰምታው አታውቅም። ዛሬ ቀስ ብላ ጀመረቻት።