ድንጉላውን ማን አስቆጣው?

ይኸነው ቅዳሜ ጧት በእንጅባራ ዳርቻ፣ በገዛ ጋጣው ውስጥ፣ ደረቱን ተረግጦ አንገቱን ተነክሶ ሞቶ ተገኘ። የገደለው አራት ዓመት በእጁ ያበላው ድንጉላ ፈረሱ ነው። ሰፈርተኛው «የእንስሳ ነገር» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። መርማሪዋ ኢንስፔክተር የሻረግ ግን የፈረሰኛ ልጅ ናትና ነገሩ አልተዋጠላትም።

ጋጣው ውስጥ ገባች። ድንጉላው እጇን አሽትቶ ዝም አለ። ሟቹ ለብሶት የሞተውን የዝናብ ካፖርት ስታስጠጋበት ግን ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ጥርሱን አወጣ። ካፖርቱን አሸተተችው፤ የፈረስ ሽንት ይሸታል። ከአጥሩ ማዶ የታሰረችው የጎረቤቱ የወገኔ ባዝራ ደግሞ ድራት ላይ ሆና፣ ወንድ ፈልጋ፣ ጅራቷን ሰቅላ ትቁነጠነጣለች። ወገኔ ከሟቹ ጋር በወሰን ይካሰስ ስለነበር ሁሉም እሱን በጎሪጥ ያየዋል።

የሻረግ ወገኔንና የሟቹን ሚስት ዘውድነሽን ለየብቻ ጠየቀች። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን የእንስሳት ሐኪም ደርበውን ጨምራ ሦስቱንም ጋጣው ደጃፍ ሰበሰበቻቸው።

«ድንጉላ ድራት ላይ ያለች ባዝራ ሲሸተው በደሙ ያለው የወንድነት ሆርሞን ይጨምራል» አለች። «አንጎሉ ለጠብ ይዘጋጃል። በዚያ ሰዓት የሌላ ድንጉላ ሽንት የነካው ካፖርት ለብሶ የገባ ሰው ጌታው አይመስለውም፤ ባላንጣው ነው።»

ቀጥላም ያገኘችውን ዘረዘረች። ማክሰኞ ለትል ነው ብሎ የወገኔን ባዝራ መርፌ የወጋት፣ ዓርብም እዚህ አጥር ሥር እንድትታሰር የመከረው ደርበው ነው። ከቦርሳው የተገኘው ብልቃጥ ግን የትል ሳይሆን ድራት የሚያመጣ መድኃኒት ነበር። ያንኑ ዓርብ ዝናብ ያዘኝ ብሎ ካፖርቱን ከዘውድነሽ ተውሶ፣ አመሻሹ ላይ የሌላ ድንጉላ ሽንት አስነክቶ መልሶ የሰቀለውም እሱው ነው።

ደርበው አልካደም። ከአሥር ዓመት በፊት ይኸነው በጠብ መካከል የደርበውን ታላቅ ወንድም በዱላ መትቶ ገድሎ ነበር። ከእስር ሲወጣ ሽማግሌዎች አስታረቋቸው፤ ደርበውም በሰው ፊት ይቅር ብያለሁ አለ።

«‹ደሜ ፈልቶ ነው› ብሎ በአምስት ዓመት ወጣ» አለ ደርበው። «እኔም ደሙ የፈላ ገዳይ ላክሁበት። አልጸጸትም።»

«ፈረሱስ በእውነት ደሙ ፈልቶ ነው» አለች የሻረግ፣ ካቴናውን እያስገባችለት። «አንተ ግን ቀን ቆጥረህ አስበህበታል።»

ሊወስዱት ሲሉ፣ እስከዚያ እንባ ያልወጣት ዘውድነሽ ወደ መርማሪዋ ቀረብ ብላ፣ ደርበው በስንት ዓመቱ እንደሚፈታ በቀስታ ጠየቀቻት። የሻረግ አሁን ደግሞ ለበቀል ቀን የምትቆጥረው እሷ እንደሆነች ገባት።