የላሉት ክሮች

ሬሳው ጊታሩን እንዳቀፈ ነበር። ማንገቻው ትከሻው ላይ ነው፤ ማይክራፎኑ ከነመቆሚያው ወድቆ ከአፉ አንድ ስንዝር ርቆ ተጋድሟል። ታችኛው ከንፈሩና የግራ እጁ ጣቶች ላይ ትንንሽ ቃጠሎ ይታያል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና «ኤሌክትሪክ» አለ።

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። በፊቷ የሚደፍር ግን የለም። አለቃዋ በዐሥር ዓመት የምትበልጠው፣ ችኮላ የተፈጠረበት ሰው ነው፤ የስቱዲዮው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አደጋ ነው። አሮጌ ዕቃ፣ አሮጌ ሽቦ። አድናቂው ውጭ በሩን ሊሰብረው ነው። ፈርሚና እንዝጋው።»

«ሬሳ እንደ ሱቅ አይዘጋም፣ ወንድሜ። ትንሽ ታገሠኝ።»

ጓንት አጥልቃ ተንበረከከች። የጊታሩን ወፍራም ክር በጣቷ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ድብ አለ፤ ዱባ እንደመታች ያህል። ሁለተኛውን ሞከረች፤ እሱም ድብ። ስድስቱም ያው ናቸው። ደብተሯ ላይ «ላልተዋል» ብላ ጽፋ ተነሣች።

ሟቹ ጊታሪስት የአንድ ዘፈን ሰው ነበር፤ ግን ምን ዓይነት ዘፈን! «ብረት ሲያለቅስ» ከወጣ ሠላሳ ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በየታክሲውና በየኳስ ሜዳው ይጮኻል። ከባድ ሮክ የማይወድ ሰው እንኳ መካከሉ ላይ ያለችውን ጩኸት ያውቃታል። ሙዚቃው ድንገት ይቆማል፣ አንድ ሰው ከአንጀቱ ይጮኻል፣ ከዚያ ጊታሩ እንደ ጎርፍ ይለቀቃል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደረስ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ አብሮ ይጮኻል። ዛሬ ሦስቱ የቀሩት የባንዱ አባላት የተሰበሰቡት ለሠላሳኛው ዓመት እንደገና ሊቀርጹት ነበር። አራተኛው፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፣ ዘፈኑ በወጣበት ዓመት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሞቷል።

እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ የዚያ ልጅ ታላቅ እህት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሬሳውን ካገኙት ከአምስት ደቂቃ በኋላ የደረሰችው እሷ ናት።

«እናታችን ሞታ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣» አለች። «መንገድ ላይ ልቡ ቆመ አሉኝ። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብ እንዲያው ዝም ብሎ ይቆማል? ማንን ልጠይቅ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ትናንት ግን ይሄ መጣልኝ።»

ስልኳን ዘረጋች። ከሟቹ የተላከ መልእክት ነው፦ «ነገ ስምንት ሰዓት ስቱዲዮ ይምጡ። ወንድምዎ እንዴት እንደሞተ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘፈኑ ውስጥ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄ፣ የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ልደርስ ስል ሞተብኝ። እዚህ ቤት ሌላ የሚያውቅ ካለ አውጪልኝ። ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ወንፊት ቃል አልገባችላትም። ቃል መግባት ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ነው ጣጣው። ትከሻዋን ነክታ ወደ ሌሎቹ ሄደች።

ከበሮ መቺው ግድንግድ ሰው ነው፤ እንጀራው ግን የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔ፣ ዘፋኙና ጋሽ ጆሮ እዚሁ ሻይ ስንጠጣ ነበር። ጋሽ ጆሮ 'ውስጥ እየተለማመደ ነው፣ ራሱ እስኪጠራችሁ አትግቡበት' አለን። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መምታት ጀመረ። ሁለት ደቂቃ ያህል መታና ልክ ጩኸቷ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጠበቅን፤ ዝም። ሮጠን ገባን፤ እኔ ሶኬቱን ነቀልኩ። ወይ ጉድ! ምን ዋጋ አለው?»

ጋሽ ጆሮ የሚሉት ሽማግሌውን የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ዘፈኑን ያኔ የቀረጸው፣ የስቱዲዮውም ባለቤት።

«ጊታሩን እንዴት ነበር የሚይዘው?» አለች ወንፊት።

ከበሮ መቺው በእንባው መካከል ሳቅ አለ። «ከሚስቱ በላይ ነዋ! መትቶ ሲጨርስ 'አንገቱ ይረፍ' ብሎ ክሮቹን ሁሉ ያላላቸዋል። በማግስቱ ደግሞ አጥብቆ እስኪቃኝ እኛ ቁጭ ብለን እናዛጋለን። ስንት ዓመት ሰደብነው!»

«አምፕሊፋየሩስ?»

«እሱ አሮጌ ሌባ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ተላልጧል። የመሬት ሽቦ ከሌለው የነካውን ብረት ሁሉ ያስነዝራል። ግን ማክሰኞ ዕለት በገዛ እጄ አስሬለታለሁ፣ እንዴት ሊሆን ቻለ?»

ወንፊት ሶኬቱን አስፈታችው። አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ ተቆርጧል። ጫፉ ላይ ያለው መዳብ ዛሬ እንደተወለወለ ያበራል።

አለቃዋ ጆሮዋ ሥር ተጠጋ። «አለቀ! ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሽቦ የተቆረጠበት ሶኬት... እሱ ነው።»

«እሱ ቢሆን ኖሮ 'አርጅቶ ነበር' ይለን ነበር። ገመዱን ራሱ አንገቱ ላይ አጥልቆ 'ማክሰኞ አሰርኩት' የሚል ነፍሰ ገዳይ አይተህ ታውቃለህ?»

ዘፋኙ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። እሱ ደግሞ የሚያሳስበው ሌላ ነው።

«እሜቴ፣ ይሄን መልእክት ጋዜጠኛ አይቶታል?»

«ምን አስፈራዎት?»

መነጽሩን አወለቀ። «ጩኸቷ የኔ አይደለችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በሷ ያመሰግነኛል። የልጁ ነች፤ የቤዙ። ጋሽ ጆሮ 'ከመሞቱ በፊት ሲሞክር የቀረጽኩት ነው፣ መታሰቢያ ትሁነው' አለን። እኔም አፌን ዘጋሁ። ያንን ሊያወጣብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ልጁ ሲቀረጽ እርስዎ ነበሩ?»

«አልነበርንም። እኔና ከበሮ መቺው ድርሻችንን ጨርሰን ሄደናል። የቀሩት እሱ፣ ጊታሪስቱና ጋሽ ጆሮ ናቸው።»

«ዛሬስ ምን ሰሙ?»

የዘፋኙ ፊት በራ። «ዛሬማ! ያችን ፈጣን ቦታ አንድም ሳይስት መታት። ሁለት ጣቶቹ በቁርጥማት ከደነዘዙ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሁልጊዜ ዘሏት ነበር የሚያልፈው። ዛሬ ግን የሃያ ዓመት ልጅ! ሰው ሊሞት ሲል ጉልበት ያገኛል ሲሉ እውነታቸውን ነው።»

ወንፊት ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ጋሽ ጆሮን ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ጀርባ፣ ማሽኖቹ መካከል ተቀምጦ አገኘችው። ሸሚዙ እንከን የለውም፤ መቀሱ፣ ማጣበቂያው፣ እርሳሱ በመስመር ተደርድረዋል። ዝንብ ብታልፍ በየትኛው ድምፅ እንዳለፈች ያውቃል ይሉታል።

«አሳዘነኝ፣» አለ። «ልጄ ነበር ማለት እችላለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ማንም ሳይመጣ ገባ፣ ጊታሩን አወጣ። እኔ ወጥቼ ከነሱ ጋር ሻይ ጠጣሁ።»

«ድምፁ ሲቆም መጀመሪያ ወዴት ሮጡ?»

«ወደዚሁ፤ መብራቱን ላጠፋ።»

«ከበሮ መቺው ሶኬቱን ነቀልኩ አለኝ።»

«በድንጋጤ ማን ማንን ያያል?»

«እውነትዎን ነው። የዱሮው ቅጂ አለ?»

መደርደሪያውን በአገጩ አመለከታት። ካርቶኖቹ ላይ በራሱ ያማረ የእጅ ጽሑፍ የቀኑ ቁጥር ተጽፏል። ሽማግሌውን ለአንድ ፖሊስ አደራ ሰጥታ ወደ መቀበያው ክፍል አስወጣችው፤ ከበሮ መቺውን ጠርታ ቴፖቹን አንድ በአንድ አሰማችው። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከበሮ መቺው ሲወጣ ግድግዳ ተደግፎ ነበር።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም መስታወቱ ጀርባ ተሰበሰቡ። እህትየዋ ብቻ ወንበር አገኘች። አለቃው በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ከጊታሩ ልጀምር፣» አለች ወንፊት። «ሟቹ ሲሞት ክሮቹ ልል ነበሩ። ልል ክር አይዘፍንም፤ ስለዚህ ዛሬ አንድም ነገር አልመታም። ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ገና ሳይቃኝ ማይክራፎኑን 'አንድ፣ ሁለት' ብሎ ሲሞክር ነው ኤሌክትሪኩ የያዘው። እናንተ ስትመጡ ሞቶ ነበር።»

«እንዴ! በጆሯችን ሰማነው እኮ!» አለ ዘፋኙ።

«የሰማችሁት ሁለት ጣቶቹ ያልደነዘዙ ሰው ነው። የሃያ ዓመት ልጅ አሉኝ፤ ሃያ ዓመቱ ነበራ! የዱሮው ቴፕ ነው የሰማችሁት፣ ጊታሩ ለብቻው የተቀረጸበት።» ማሽኑ ላይ ያለውን ቴፕ በጣቷ ነካች። «ከፊቱ ግማሽ ሰዓት ባዶ ቴፕ ተቀጥሎለታል፤ ማጣበቂያው ገና ነጭ ነው። ጩኸቷ ጋ ሲደርስ ደግሞ ተቆርጧል። ባዶው ሲዞር ገዳዩ ከናንተ ጋር ሻይ ይጠጣል። ድምፁ ሲቆም ወደ ወደቀው ሰው አልሮጠም፤ ማሽኑን ሊያጠፋ ወደዚህ ሮጠ። ቴፕ ቆርጦ እንዲህ የሚቀጥል እጅ እዚህ ቤት ስንት አለ?»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ለጆሮ የሚሆነውን ሁሉ አሟልተዋል፣ ጋሼ። ለዓይን ግን ምንም አላሰቡም። ዕድሜዎን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ሆነው የሚሰሙ ሰው ነዎት፤ ያ ሰው ከመምታቱ በፊት እጁ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን አላዩትም።»

«ምን ያጣላናል? ለምን እገድለዋለሁ?» አለ ጋሽ ጆሮ።

ወንፊት ወደ እህትየዋ ዞረች። ከዚህ በኋላ ያለው ለሷም ከበዳት።

«እትዬ፣ ይሄ ካርቶን የቤዙ ቴፕ ነው። ቀኑን ያንብቡልኝ።»

እህትየዋ አነበበች። እጇ ወረደ። «የሞተበት ቀን ነው።»

«ከበሮ መቺው አዳምጦታል። ከጩኸቷ በፊት ያለው ቤዝ የወንድምዎ ነው፤ ከጩኸቷ በኋላ ያለው የጊታሪስቱ እጅ ነው። መካከል ላይ ቤዙም ጩኸቷም በአንድ ቅጽበት ይቆማሉ። ወንድምዎ መንገድ ላይ አልሞተም። እዚህ፣ ቤዙን ይዞ፣ ከንፈሩ ማይክራፎኑን ሲነካ ነው የሞተው።»

ዘፋኙ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ጉምጉምታ ነበረው፣» አለ ጋሽ ጆሮ በመጨረሻ። «አምፕሊፋየሩ ያጉረመርም ነበር። የመሬት ሽቦውን ከቆረጥሽው ይጠፋል፤ ያኔ ሁላችንም እንቆርጥ ነበር። ስህተት ነው። ልጁ ወደቀ፤ ቴፑ ይዞር ነበር። ሬሳውን ማታ መንገድ ዳር አስቀመጥነው። ጊታሪስቱን ለምኜ አፉን አዘጋሁት። ትናንት መጥቶ 'ከንግዲህ አልችልም' አለኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ስም...»

«ዛሬም ሽቦውን ቆረጡ፤» አለች ወንፊት። «ያኔ ሳያውቁ፣ ዛሬ አውቀው።»

እህትየዋ ተነሥታ ሽማግሌው ፊት ቆመች። «ጩኸቱን ለምን አስቀረኸው? አትቆርጠውም ነበር? መቁረጥ ታውቅበት የለም?»

ቀና ብሎ አያት። «እንደሱ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጥሩ ነበር።»

አልመታችውም። ከበሮ መቺው ግን ሊይዘው ተወርውሮ በሁለት ፖሊስ ተመለሰ። አለቃው ካቴናውን አወጣ።

ወንፊት እህትየዋን በራሷ መኪና ልታደርሳት ይዛት ወጣች። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ እውነቱን ገና ሳይሰማ ለጊታሪስቱ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያነሣል። መኪናው ውስጥ ሬዲዮው ሲከፈት ለሟቹ መታሰቢያ ተብሎ «ብረት ሲያለቅስ» ተለቅቋል። ወንፊት ደንግጣ ልታጠፋው እጇን ሰደደች፤ እህትየዋ ያዘቻት።

«ተዪው። በሰርጌ ቀን በዚች ጩኸት ጨፍሬያለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጣራ ከሰው ጋር አጨብጭቤለታለሁ። ዛሬ እንኳ ልስማው።»

መብራት ይዟቸው ቆሙ። ሙዚቃው ድንገት ተቋረጠ፤ ልጁ ጮኸ። አጠገባቸው በቆመው ታክሲ ውስጥ ያሉት ወጣቶችም እየሳቁ አብረው ጮኹ።

«አቤት፣» አለች እህቱ። «አቤት፣ ወንድሜ።»