የጣቶቹ ወንፈል

ማለዳ ደብሪቱ የጣቶቹን ቀፎ ስትከፍት ባዶውን አገኘችው።

ጣቶች የሚባሉት ጥንዚዛ የሚያካክሉ የአረም ማሽኖች ናቸው። አረም ይነቅላሉ፤ ከሥሩ የተሸሸገውን ቆራጭ ትል ለቅመው ይፈጫሉ። ስሙ የወጣላቸው የአገሩ ሰው ሲያርም ጣቶቹ ለዓመታት በምስል ተቀርጸው ከዚያ ስለተማሩ ነው። ከዚያ ወዲህ በጮቄ ተዳፋት ለአረም ጎንበስ ያለ ሰው የለም። ጠዋት ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ፤ እንደ ንብ ነው፣ የሚገረምባቸው የለም።

ትናንት ግን አልገቡም። በዝግባ ችግኞቿ መሀል ሙጃው አቆጥቁጧል። አንዷ ችግኝ በምላጭ እንደተቆረጠች አፈሩ ላይ ተጋድማለች። የቆራጭ ትል ሥራ ነው። ዘሩ የተለቀመው ደርቃ ከወደቀችው የመጨረሻዋ እናት ዛፍ ነበር፤ ይህ ካለቀ ለዚያ ተራራ ሌላ ዝግባ የለም።

"በስመ አብ" አለችና መጥሪያውን አነሳች። አንዴ ከተጫኑት ጣቶቹን ሁሉ ከያሉበት ይመልሳል፤ እርሷ ግን ማን እንደወሰደባት ማወቅ ፈለገችና ዱካቸውን ተከተለች።

ዱካው አጥር ተሻግሮ ከጋሽ ልየው ችግኝ ጣቢያ ገባ። በውኃ ቦይ ከተኳረፉ ወዲህ ያን አጥር አልፋ አታውቅም። ሽማግሌው ጉቶ ላይ ተቀምጠዋል። የኮሶ መደባቸውን ትል ወርሮታል፤ የእርሳቸውና የእርሷ ጣቶች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይለቅማሉ።

"መጣሽ?" አሉ ቀድመው። "እኔ ከነኩርፊያዋ ልትቀብረኝ ነው ስል ጣቶችሽን ሰደድሽልኝ። አሳፈርሽኝ፤ እግዜር ይስጥሽ።"

"እኔ አልሰደድኋቸውም፣ ጋሼ። ጠፍተውብኝ ነው።"

"አትቀልጂ እንጂ።"

"እውነቴን ነው። የኔም ዝግባ እየተቆረጠ ነው፤ ልመልሳቸው ነው የመጣሁ።"

ጋሽ ልየው የተሰለፉትን ጣቶች አዩ። "መቼስ ያንቺ ናቸው" አሉ። "መልሻቸው። ኮሶውን እግዜር ያውቅለታል።"

ደብሪቱ አውራ ጣቷን መጥሪያው ላይ አሳረፈች፤ አልተጫነችውም። ጣቶቹ አንድ መደብ ሲጨርሱ ቆም ይላሉ፤ የዘገየው እስኪደርስ ጠብቀው አብረው ይሻገራሉ። ይህን አካሄድ ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች እናቷና ጎረቤቶቻቸው በወንፈል ሲያርሙ እንዲሁ ነበሩ፤ የባሰበት ማሳ ይቀድማል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

"ጋሼ፣ እነዚህ የተማሩበት ምስል መቼ ነበር የተቀረጸው?"

"ወንፈል ሳለ ነዋ። ማሽኑ ከመጣ ማን ማንን ይጠራል? ቀረ።"

"እንደቀረ የነገራቸው የለማ" አለች ደብሪቱ። መጥሪያውን ኪሷ ከተተች። "ይጨርሱልዎ። እኔ የኔን በእጄ እለቅማለሁ።"

"ያን ሁሉ መደብ? ብቻሽን?"

"ትሉ ቀን ከሙጃው ሥር ተኝቶ ነው የሚውል። እስኪመሽ እደርስበታለሁ፣ እግዚአብሔር ካለ።"

ተመልሳ ተንበረከከች። የመጀመሪያው ሙጃ ከአንገቱ ተበጥሶ ሥሩ ቀረባት። ማሽኑ ያልረሳውን እጇ ረስቶታል። ሁለተኛውን ዝቅ ብላ ያዘችው፤ ከነሥሩ ወጣ፣ ከሥሩም የተጠቀለለ ትል። በድንጋይ ጨፈለቀችውና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ፀሐይ ከፍ ስትል ከመደቡ ማዶ ማቃሰት ሰማች። ጋሽ ልየው በጉልበታቸው ተንበርክከው አፍንጫቸው አፈሩን ሊነካ ደርሷል።

"ደብሪቱ፣ ይቺ አረም ናት ዝግባ?"

"ዝግባ ናት፣ ጋሼ። አይንቀሏት።"

"አልነቀልኋትም፤ ጠየቅሁ እንጂ" አሉና ወደሚቀጥለው ዞሩ።