ባዶው ቀትር

ዱኒያ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ስትከት የነካችው የውሃ ኮዳ ነበር። ሰማያዊው የኸባብ ኮዳ። ጠዋት «ከበደኝ» ሲላት ተቀብላው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ሳትመልስለት ረስታ ይዛው ሄዳለች። ውሃው ከአፉ አልጎደለም።

ከፊት መምህር አኒስ ሰሌዳው ላይ እኩልታ ይፈታሉ። ዱኒያ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሰባት ከሩብ። ኸባብ የሚለቀቀው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ የምትወስደው ደግሞ እሷ ናት።

ረስታዋለች። የስድስት ዓመት ወንድሟን እንደ ጃንጥላ ረስታዋለች።

«መምህር፣ ይቅርታ» አለችና ኮዳውን እንደያዘች፣ ደብተሯን እንኳ ሳትሰበስብ ወጣች።

ሰው ወንድሙን እንዴት ይረሳል የሚል ካለ፣ መልሱ የዱኒያ አልጋ ራስጌ ላይ ተለጥፏል። በሦስት ቀለም የተሰራ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጥናት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ዘጠኝ ሰዓት መድረሳ፣ አመሻሽ ላይ የሚኒ ሚዲያ ልምምድ፣ ከእራት በኋላ እንደገና ጥናት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለው ሣጥን ብቻ ባዶ ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ይፈልጋል፣ የሚጣደፍ ሰው ካለም እንግዳ ነው። ዱኒያ ግን ያንን ሣጥን ባየችው ቁጥር የሚታያት ብክነት ነበር። ባለፈው ሴሚስተር ከአንደኛ ወደ አራተኛ ወርዳለች፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ አንድ ወር ቀርቶታል።

እናቷ ዚነት ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። መምህር አኒስ ቀትር ላይ ስለሚሰጡት ማጠናከሪያ ትምህርት ስትሰማ ነገሩን ባጭሩ ነበር የቆረጠችው፦ «ቀትር ላይ ማንም አይወጣም። አንቺም ተኚ፣ እሱንም አስተኚ።» ዱኒያ «እሺ» አለች። በማግስቱ ተመዘገበች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኸባብን ቤት አድርሳ፣ ምሳውን አብልታ፣ ለጎረቤታቸው ለቢላን ትታው እየሮጠች ትመለስ ነበር። ዛሬ ትምህርቱ በግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀመረ። እሷም ቀመር እያነበነበች በመዋዕለ ሕፃናቱ በር በኩል አለፈች። ልክ በሩ አጠገብ ነው ያለፈችው።

አሁን በሩ ተቆልፏል። ደበደበችው፣ መልስ የለም። ዘበኛውም እንደ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። ቤት ሮጠች። ቢላን ዓይኗን እያሸች ወጣች።

«ዛሬ ቀራችሁ ብዬ ተኛሁ እኮ። ምነው፣ ኸባብስ?»

«እዚህ አልመጣም?»

የቢላን ፊት ተለወጠ። ዱኒያ ዞራ ሮጠች፤ ቢላንም ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች በሌላው መንገድ ወጣች።

የሰፈራቸው የከዚራ መንገዶች ባዶ ነበሩ። የሱቅ በሮች ሁሉ ተከርችመዋል። የሚጠየቅ ሰው የለም። አንድ የባጃጅ ሾፌር እግሩን በጎን አውጥቶ ተኝቶ አገኘችና ወዘወዘችው።

«ሕፃን አላየህም? ቀይ ቦርሳ የያዘ?»

«አቦ እህቴ፣ እኔ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ያየሁት ሕልም ነው» አለ። ከዚያ ፊቷን አየና ተነስቶ ተቀመጠ። «ቆይ፣ ቁልፍ ልፈልግና እንዞራለን።»

አልጠበቀችውም። ወደ ደቻቱ ወንዝ ሮጠች። የወንዙ አሸዋ ላይ ማንም አልነበረም፤ ሙቀቱ ብቻ ይርገበገባል። «ኸባብ!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ራሷን አስፈራት። ውሃ ሳይዝ አንድ ሰዓት ከግማሽ በዚህ ፀሐይ። ወድቆስ ቢሆን? ሰው ወስዶትስ? ማታ እናቷ በር ከፍታ ስትገባ ምን ትላታለች? አራተኛ ወጥቼ ስለነበረ ነው፣ ልትላት ነው?

አንድ አጥር ጥግ ስትደርስ ተቀመጠች። አለቀሰች። ለቅሶው ሲደክማት፣ ምናልባት በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ነገር ብቻ አሰበች፦ ኸባብ ለብቻው ቢለቀቅ የት ይሄዳል?

ወዲያው ታወሳት። በየቀኑ እጇን እየጎተተ የሚላት ነገር አለ። «ባቡሩን እንይ፣ ትንሽ ብቻ።» እሷም በየቀኑ «ነገ» ትለዋለች።

የድሮው ባቡር ጣቢያ አጥር ጋ ስትደርስ የጣቢያው ዘበኛ፣ ሰዉ «አዴር»፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ሽማግሌው ገዲ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በካርቶን ያራግባሉ። የሚያራግቡት ለራሳቸው አልነበረም። ቀይ ቦርሳ ተንተርሶ፣ ፀጉሩ በውሃ ርሶ፣ ኸባብ ተኝቷል።

ዱኒያ ዘላ ልታነሳው ስትል ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ።

«ተይው። አሁን ነው የተኛው።»

«አዴር፣ ወንድሜ ነው። ወላሂ ረስቼው ነው እንጂ…»

«ገባኝ። ፊቱ ፍም መስሎ መጣ። አጠጣሁት፣ ራሱንም አረጠብኩለት። የማን ልጅ ነህ ስለው፣ ‹እህቴ ትመጣለች፣ ሥራ ስለሚበዛባት ነው› አለኝ።» ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ስንት ልጅ ታስተዳድሪያለሽ አንቺ?»

ልትስቅ ፈለገች፣ ግን እንባዋ ቀደማት።

የባጃጁ ሾፌር መንገዱን ሁሉ ሲዞር ቆይቶ ከኋላዋ ደረሰ። ኸባብን ሲያይ «አልሐምዱሊላህ» አለና፣ ዱኒያ ጎረቤታቸው ቢላንም ፍለጋ ላይ መሆኗን ስትነግረው እሷን ሊፈልግ ተመለሰ።

«እኛም ቤት እንሂድ፤ ዘጠኝ ሰዓት መድረሳ አለን» አለች ዱኒያ።

«በዚህ ፀሐይ ልታወጪው ነው? እስኪነቃ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። መጀመሪያ እግሯ አልረጋ አለ። መምህር አኒስ ስንተኛው ጥያቄ ላይ ደርሰው ይሆን? ቀስ በቀስ ግን የኸባብን ትንፋሽ መቁጠር ጀመረች፣ ቁጥሩም ጠፋባት። ካርቶኑን ከሽማግሌው ተቀብላ ማራገብ ያዘች። ክንዷ ሲዝል ምን ያህል እንደደከማት ታወቃት። የዛሬው ድካም ብቻ አልነበረም።

ኸባብ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ኮዳውን ነው። ግማሹን ጠጣና አፉን በእጁ ጠረገ።

«ባቡሩ ዛሬም አልተንቀሳቀሰም» አላት። ከዚያ ዓይኗን አየ። «አልቅሰሻል? ለእማ አልነግራትም። ወላሂ።»

ዱኒያ ማራገቧን አቆመች። እሱ ካልተናገረ፣ ቢላንንም ብትለምናት፣ ማንም አያውቅም። ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ሰሌዳው ፊት መቀመጥ ትችላለች።

ከመንገዱ ማዶ የመጀመሪያው የሱቅ በር እየተንቋቋ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

«ረፈደብን?» አለ ኸባብ ቦርሳውን እያነሳ።

«አዎ» አለች። አልተነሳችም። «የሆነውን ሁሉ ለእማ እኔ እነግራታለሁ። ለመምህር አኒስም።»

«ምን ብለሽ?»

«ከነገ ጀምሮ ቀትር ላይ እንተኛለን ብዬ።»

እንባዋ እንደገና ወረደ፤ ኸባብ ግን ይህ ምን እንደሚያስለቅስ አልገባውም። ቦርሳውን መልሶ አስቀመጠና ወደ አጥሩ ተጠጋ።

«እንግዲያው ባቡሩን እንይ። ትንሽ ብቻ።»

ዱኒያ ካርቶኑን አስቀምጣ አጠገቡ ሄደች።