ሁለቱ አዝሪኤሎች

ሚና ሌስሊን የወደደችው በአባቷ ድምፅ ነው። ሲናገሩት ያስፈራል፣ አውቃለሁ፤ እሷም ብዙ ጊዜ ለራሷ እንኳ አልነገረችውም።

አባቷ ቀን ቀን እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ውስጥ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርቅ ሲቆርጡ ይውላሉ፤ ማታ የሰፈሩን ልጆች ዕብራይስጥ ያስተምራሉ። ከዚያ በተረፈቻቸው ሰዓት አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፤ ሕዝባችን አይሁድ በየባዕድ አገሩ ተበትኖ ሲኖር በዕብራይስጥ ስለ ጻፋቸው መጻሕፍት። በዮርክ፣ በአምስተርዳም፣ በኦዴሳ፣ ጎረቤቱ አንዲት ቃል በማይሰማው ቋንቋ ሲገጥም ኖሮ የሞተውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሱ አከበሩት። ጽሑፎቻቸው የወጡት ግን ማንም ገልጦ በማያያቸው ትንንሽ መጽሔቶች ላይ ነው። «በዓለም ላይ አሥራ አንድ አንባቢ አለኝ፤ ሁለቱ አይወዱኝም» ይሉ ነበር። ሲሞቱ አምስት የሻይ ሣጥን ሙሉ ወረቀት ለሚስታቸው ለወይዘሮ ዜልዳና ለአንድ ልጃቸው ለሚና ተዉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በዘጠነኛው ዓመት፣ እሳቸው ካረፉ በሁለተኛው፣ እናትና ልጅ ወረቀቱን ሰብስበው በአንድ መጽሐፍ ሊያሳትሙት ቆረጡ። ሌስሊ የመጣው ያኔ ነው፤ ከማተሚያ ቤቱ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናብ አብስብሶት።

«የአባትዎ የእጅ ጽሑፍ እዚህም እዚያም አልነበብ አለኝ» አለ ደጃፉ ላይ ቆሞ። ፊደል ለቃሚ ነበር፣ የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ለኅትመት የሚደረድር፤ ጣቶቹ በቀለም ጠቁረዋል።

«አይዘኑባቸው፣ እሳቸውም ራሳቸው አንዳንዴ ግራ ይገባቸው ነበር» አለችው ሚና። «ይግቡ፤ ምንጣፉን ግን አደራ።»

ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሚና አየችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ እሱም ማየቷን አየ። ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጡት።

ሥራው እንዲህ ነው፤ አንዱ የእጅ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ተለቅሞ ለሙከራ የታተመውን የእርማት ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ስሕተት ይፈልጋል። ሌስሊ ሊያነብ፣ ሚና ልትከተል ተስማሙ። ሌላው ወንበር ሁሉ ወረቀት ስለ ተከመረበት የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ገና የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበበ የሚና ጣት ቆመ። አነባበቡ የአባቷ ነው። ያ የሚጎተት የድሮ አገር ዜማ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ነገር፣ ሁሉም። ወጥ ቤት ውስጥ ወይዘሮ ዜልዳ የያዙትን ሳህን ለቀቁት።

«ምነው፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«የለም። የት ነው እንዲህ ማንበብ የተማሩት?»

«ከአባቴ። አባቴ ከአባቱ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ሌላ አነባበብ አላውቅም።»

በሦስተኛው እሑድ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የደረሱበት ጽሑፍ አባቷ ከመሞታቸው በፊት የጻፉት የመጨረሻው ነው። የሞተ ሊቅ ቃሉ በስሙ ሲጠቀስ መቃብሩ ውስጥ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል የሚለውን የድሮ እምነት ያነሳል። ሌስሊ ገጹ ሲያልቅ ዝም አለ፤ ወረቀቱን ሊገልጥ ጣቱን አራሰ። ድምፁ ግን አላቆመም። ሦስት ቃል፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚያወራ ሰው። ሌስሊ ገጹን ገለጠ። ሦስቱ ቃላት እዚያ ነበሩ፤ በቀጣዩ ገጽ መጀመሪያ ላይ።

«አንቺም ሰማሽው?» አለ። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ነበር የሚላት።

«ሰማሁት። ፈራህ?»

«አዎ፣ በጣም።»

«እኔም» አለች። እጁ እጇ ላይ ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደ ዘረጋ ሁለቱም አላወቁም። ከፍርሃቷ ሥር ደስታ ነበረ፤ አፈረችበት።

ከዚያ በኋላ የእርማት ወረቀቱ ላይ ስሕተት በዛ። በከተማው አንደኛ የተባለ ፊደል ለቃሚ በአንድ ገጽ ሰባት ስሕተት! ሚና ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አንተ ሰው፣ እያወቅህ ነው የምታበላሸው!»

«በእሑድ አሥር ገጽ ካለፍን ለፋሲካ እንጨርሳለን» አለ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ከዚያ በምን አሳብቤ ልምጣ?»

«አታሳብብ። ዝም ብለህ ና።»

ሌስሊ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና አንገቱን ደፍቶ መረመረው። «ሚና፣ ስንት አገኘሽ?»

«ሰባት።»

«ዘጠኝ ነበር የተከልኩት።» በጣቱ አሳያት። «እዚህና እዚህ። ማተሚያ ቤት ስተዋቸው ስሕተት ነበሩ። አሁን ትክክል ናቸው።»

ፊደሎቹ ተቃንተው ተቀምጠዋል፤ የብዕር ምልክት የለባቸውም። ሚና ወንበሩን ዞራ አየችው፤ ሌስሊ ብቻ ነበር የተቀመጠበት።

ወይዘሮ ዜልዳ የልጃቸውን ሁኔታ ካወቁ ቆይተዋል። ልጁን ወደዱት፤ ዶሮ ሾርባ ሲያቀርቡለት ፈረሰኛውን ለእሱ ያወጡ ጀመር። ለቅዳሜው ሰንበትም ወደ ትንሿ ምኩራባቸው ጋበዙት። ሴቶቹ ከላይ ሰገነት ላይ ናቸው፣ ወንዶቹ ከታች። ኦሪቱ ተዘረጋ፤ እንግዳውን በማክበር ሌስሊን ለንባብ ሊያነሡት የምኩራቡ አገልጋይ ሽማግሌው ጌትስል ጠጋ ብለው የዕብራይስጥ ስሙን ጠየቁት። እኛ ሁላችን ሁለት ስም አለን፤ አንዱ ለፋብሪካው፣ አንዱ ለኦሪቱ። ሚና ሁለተኛውን ጠይቃው አታውቅም።

ጌትስል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጮኹ፦ «አዝሪኤል፣ የዘካርያ ልጅ፣ ይነሣ!»

ሰገነቱ ላይ ወይዘሮ ዜልዳ ብድግ አሉ። «እሱ እኮ ሞቷል!» አሉ። ታች ያለው ወንድ ሁሉ አንገቱን አቀና። የባላቸው ስም ነው፤ የባላቸው አባት ስም ጭምር። ሌስሊም በዚያ ስም ተነሥቶ፣ በዚያ ድምፅ፣ ያነብ ጀመር። ሚና እናቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

ከስምንት መቶ ዓመት በፊት አንድ የጀርመን ጻድቅ፣ ሙሽራ የአማቱን ስም ይዞ አያግባ ብሎ በኑዛዜው ጽፏል። ብዙ ሰው ረስቶታል። ወይዘሮ ዜልዳ አልረሱም።

«ስሙን ይቀይር» አሉ ማታውኑ። «ቢያንስ አንድ ይጨምርበት። ለበሽተኛ ይደረግ የለም እንዴ፣ መልአከ ሞት እንዲሳሳት? እዚህ ቤት አንድ አዝሪኤል ተወስዷል። ሌላው ገብቶ ቢቀመጥ፣ መልአኩ ተመልሶ ሲመጣ ማንን ሊል ነው?»

ሚና ሰኞ ማተሚያ ቤት ሄደች። ሌስሊ የእርሳስ ፊደሎቹ ፊት ቆሞ ሰማት፤ መሥራቱን አላቆመም።

«አልቀይርም።»

«መጨመር ብቻ እኮ ነው!»

«ከጨመርኩ በአዲሱ ነው የምጠራው። አያቴ አዝሪኤል የተቀበሩበት ከተማ የለም፤ በጦርነቱ ጊዜ መቃብሩን አርሰውታል፣ ድንጋዩን መንገድ አንጥፈውበታል። ስማቸው የቀረው እኔ ላይ ብቻ ነው። ሐውልታቸው እኔ ነኝ፣ ሚና። ሐውልት ላይ ሌላ ስም ይቀረጻል?»

ልትቆጣው ፈልጋ አልቻለችም። አባቷም ቢሆኑ ሌላ መልስ አይሰጡም ነበር፤ ይሄ ነው ያስለቀሳት።

እናትና ልጅ ወደ ምኩራቡ ረቢ ሄዱ። ረቢው ጢማቸውን አሻሹና አማት ከሞተ በኋላ ነገሩ አያሰጋም፣ ይጋቡ አሉ።

«ረቢ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ሕጉ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ዜልዳ። «‹አዝሪኤል፣ እራት!› ስል ሁለቱም እንዳይመጡብኝ ነው።»

ወይዘሮ ዜልዳ እንዳልፈቀዱ ቀሩ። ሌስሊ እሑድ እሑድ መምጣቱን ተወ፤ የእርማት ወረቀቱን በፖስታ ላከ። ሚና ብቻዋን ጮክ ብላ አነበበች፤ እሷ ስታነብ ግን ያ ድምፅ አልቀጠለም። የብርዱን ወራት በሙሉ ያ ዝምታ ከማንኛውም ነገር በላይ ከበዳት። ከስታ ጉንጮቿ ገቡ።

መጋቢት ላይ የመጨረሻው ገጽ መጣ። በዕብራይስጥ መጻሕፍት ፊደል ለቃሚው ስሙን መጨረሻ ላይ ማኖር የጥንት ልማድ ነው፤ ሌስሊም ልማዱን ጠብቋል። ወይዘሮ ዜልዳ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። የመጀመሪያውን ገጽ አመጡ፣ ጎን ለጎን ዘረጉት። መጽሐፉ በአዝሪኤል የዘካርያ ልጅ ይጀምራል፤ በአዝሪኤል የዘካርያ ልጅ ያልቃል።

ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ፤ የገቡትን ጉንጮቿን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ መከልከል ደከመኝ» አሉ በመጨረሻ። «እንሂድና እሱን እንጠይቀው።»

«ማንን፣ እማዬ?»

«አባትሽን ነዋ! አሥር ወንድ ይዘን መቃብሩ ላይ ሄደን። ልጁ ራሱ በስሙ ይጠይቀው። እሱ ከፈቀደ እኔ ማን ነኝ? እምቢ ካለ ግን ዳግመኛ አታነሺብኝም።»

«በምን ይመልሳሉ?»

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። ሲፈቅድ አውቅበታለሁ።»

ሚና መጠየቁን ፈራችው። እምቢ ካሉ ሌስሊን ዕድሜዋን በሙሉ ልታጣው ነው።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ከፋብሪካዎቹ ጭስ ጋር የተቀላቀለ ጉም መቃብር ቦታው ላይ ተኝቷል። ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰው አንድ ሁለት እያሉ ደረሱ። ሌስሊ ሐውልቱን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ፊት ለፊቱ ቆመና የተቀረጸውን አነበበ፤ የገዛ ስሙን፣ የገዛ አባቱን ስም፣ ከሥሩም የሞቱን ቀን። ከንፈሩ ነጣ። ሚና የእናቷን ክንድ ይዛ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች፤ ልትጠራው አፏን ከፍታ ዘጋችው።

ያለ አሥር ወንድ አይጠየቅም። ሰው በቁጥር አይቆጠርም፣ እርግማን ነው፤ ስለዚህ ጌትስል አሥር ቃል ያላትን የመዝሙር ጥቅስ እያሉ በረድፉ ሄዱ፤ ለእያንዳንዱ ወንድ አንድ ቃል፣ ራሳቸውን መጀመሪያ። የመጨረሻዋን ቃል ከሐውልቱ አጠገብ ጣታቸውን ዘርግተው አሏት።

«ልክ ነው» አሉ። «ሙሉ ነን። ጀምር ልጄ።»

ሚና ረድፉን በዓይኗ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። የጌትስል ዓይን እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን የዘረጉት ጣት በጉሙ ውስጥ እንዳለ ትከሻ ነክቶ፣ ረጋ ብሎ አርፎ ነበር። እሷ ደግሞ እዚያ ማንንም አላየችም።

«እኔ አዝሪኤል የዘካርያ ልጅ» አለ ሌስሊ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «አንተን አዝሪኤል የዘካርያ ልጅ እለምንሃለሁ። ስምህን አልሰረቅኩህም፤ የአያቴ ነው። ወረቀትህን ፊደል በፊደል ለቅሜዋለሁ። ልጅህን እወዳታለሁ። ያላንተ ፈቃድ አልወስዳትም፤ ያለሷ ግን መኖሬን እንጃ።»

ሚና ድምፅ ጠበቀች፣ አንድ ቃል፣ ትንፋሽ እንኳ። ምንም። ጉሙ ውስጥ ትራም ሲያልፍ ብቻ ተሰማ። አለቀ፣ አለች በልቧ፤ አልፈቀዱም።

እናቷ ክንዷን ጨበጡት። «ስንት ቆጠርሽ?» አሏት በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ አይቆጠርም እኮ…»

«ስንት?»

«ዘጠኝ።»

«እኔም ዘጠኝ» አሉ ወይዘሮ ዜልዳ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ሚና ግን እናቷን እንዲህ ወጣት ሆነው አይታቸው አታውቅም። «ባይፈልግማ ኖሮ መቼ ይመጣ ነበር? ያንን ግትር አላውቀውምና!»

ልጃቸውን ለቀቁና ወደ ወንዶቹ ተራመዱ። ሌስሊ ባርኔጣውን ጨብጦ ፍርዱን ይጠብቃል። ዜልዳ ኮቱን አስተካከሉለት፣ አንገትጌውን ቆለፉለት። ቀጥለው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ዓይናቸው ሐውልቱ አጠገብ ቆየ።

«ስለመጣችሁ እግዜር ይስጣችሁ» አሉ። «ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። አሥራችሁም ተጠርታችኋል።»

ሌስሊ ዞሮ ረድፉን አየ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ራሱን ጨምሮ ቆጠረ፣ ዘጠኝ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ሚናን ፈለጋት። ሚና እያለቀሰች ትስቅለት ነበር።