ሳይላክ የደረሰ

ዝርዝሩ ማንም ሳይነካው አንድ መስመር ጨመረ።

ቁንጫ በእጇ የያዘችውን ዳቦ ሳትገምጥ ቀረች። ምሳ ሰዓት ነበር። ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ይራኮታል፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ «እኔ» የሚል አንድ ቃል መጣ። ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ «እኔ ቤት» አለ። ቀጥሎ «እኔ ቤት ብቻዬን ነው የማድረው»። ከዚያ ነገሩ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። «እኔ ቤት ብቻዬን»፣ «እኔ»፣ በመጨረሻም ምንም ያልተጻፈበት ባዶ መስመር።

«ማነው?» አለች ጮክ ብላ። ወዲያው ደግሞ አፈረች፤ ከኮምፒውተር ጋር ማውራት ጀምራለች። 

ቁንጫ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ አንድ ቦታ አትረጋም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተሰብስባ የተቀመጠችው ኮምፒውተር ፊት ብቻ ነው ብትሏት አትቀየምም። ስለዚህ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ቢሯቸው በር ላይ የተሰቀለው የአስተያየት ሣጥን የማስቲካ ልጣጭ ማጠራቀሚያ መሆኑ ሲያንገፈግፋቸው የኮምፒውተር መምህሩን ያዙ፤ መምህሩ ደግሞ ቁንጫን ያዙ።

በሣጥኑ ፈንታ የሠራችው የአስተያየት ገጽ ቀላል ነበር። አንድ መጻፊያ ቦታ፣ ከሥሩ «ላክ» የሚል ቁልፍ፣ በቃ። ስም አይጠየቅም። መጀመሪያ ስትሠራው «ላክ» የሚለውን የተጫነ ሰው ገጹ ነጭ ሆኖበት ይጠፋና እንደገና እስኪከፈት ይጠብቅ ነበር። በትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ደግሞ መጠበቅ ማለት መጠበቅ ነው። መምህሩ አይተው «ይቺን ብልጭ ድርግም አጥፊልኝ። ጽሑፉ ከጀርባ ይሂድ፣ ገጹ ካለበት ንቅንቅ አይበል» አሏት። ሁለት ቀን ታገለችና አደረገችው።

እዚያ ላይ ቢበቃት ጥሩ ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር አከለች። መብራት በየጊዜው ድንገት ስለሚሄድ፣ ብዙ ጽፎ የጠፋበት ሰው እንዳያዝን ብላ፣ ገጹ በየሦስት ሰከንዱ የተጻፈውን ሁሉ ከጀርባ እንዲልክ አዘዘችው። በደግነት ነው። ረቂቁን ለብቻ ማስቀመጥ ሲገባት ግን ቸኩላ ከተላኩት አስተያየቶች ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ አጎረችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏታል እንዲህ ያለችውን። ገጹ ከተከፈተ ሳምንት ሆኖታል፤ ዝርዝሩን ከፍታ ስታየው ግን ዛሬ፣ ማክሰኞ፣ የመጀመሪያዋ ነው።

አጠገቧ ባለው ኮምፒውተር ገጹን ከፈተችና «ቁንጫ ቂል ናት» ብላ ጻፈች። አልላከችውም። ትንሽ ቆይታ ሰረዘችው። ወደ ዝርዝሩ ስትመለስ «ቁንጫ ቂል ናት» የሚለው ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ወደ ላይ እያሸጋገረች ማንበብ ጀመረች። አንዱ የሒሳብ መምህሩን ሙልጭ አድርጎ ሰድቦ፣ ሰርዞ፣ «ሒሳብ ትንሽ ቢቀነስ» ብሎ ልኳል። አንዷ የአንድ ልጅ ስም አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ አጥፍታለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ግን ያወጣው የቁንጫ ኮድ ነው። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። የሰው ቤት በመስኮት ያየች ያህል ተሰማት።

በመካከሉ ከታች አዲስ መስመር መጣ። ያ «ብቻዬን ነው የማድረው» ብሎ የጠፋው ሰው በመጨረሻ ጽፎ ልኳል። «ምሳ ሰዓት አጭር ነው። በተለይ ለሚያወራ ሰው።»

ደወሉ ተደውሎ ክፍል ስትገባ ሬዲዮ የሚሏት ልጅ ከሩቅ ጀምራ ትጮኽባት ነበር። ሬዲዮ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ባትሪ የማትጨርስ፣ ፈተና ላይ እንኳ ከንፈሯ የሚንቀሳቀስ ልጅ ናት።

«አንቺ! ሣጥንሽ ላይ ጻፍኩልሽ እኮ! ምሳ ሰዓት ይርዘም ብዬ። በተለይ ለሚያወራ ሰው! አሪፍ አይደል?»

«አሪፍ ነው» አለች ቁንጫ። ደብተር የምትፈልግ መስላ ቦርሳዋ ላይ ጎንበስ አለች።

ከትምህርት በኋላ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ተመለሰች። እንዳታነብ ለራሷ ነግራ ነበር፤ አነበበች። ዝርዝሩ እያንዳንዱ መስመር የመጣበትን ሰዓትና ኮምፒውተር ያሳያል፤ የሬዲዮዎቹ ሁሉም በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ከላይብረሪው ሦስተኛ ኮምፒውተር የመጡ ነበሩ። «ወንድሜ ሁለት ቀን ብሎ ከሄደ አሥር ቀኑ»። ተሰርዟል። «ለእማዬ ብነግራት አያቴን እንደታመመች ጥላት ትመጣለች»። ተሰርዟል። «ማታ ማታ በሩን የሚነካካ ነገር አለ። መጀመሪያ ውሻ መስሎኝ ነበር»። ተሰርዟል። በማግስቱ ደግሞ «ውሻ እጀታ አያዞርም»። እሱም ተሰርዟል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለትምህርት ቤቱ የተላከው «የላይብረሪው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል» የሚል ነው።

 የሬዲዮ እናት አያቷን ሊያስታምሙ ሌላ ከተማ መሄዳቸውን ታውቃለች። ወንድሟ የጭነት መኪና ረዳት መሆኑንም ታውቃለች። ሌላውን ግን በየቀኑ ጆሮዋ እስኪዝል የምታወራላት ልጅ አንድ ቃል አልነገረቻትም።

ለማን ትናገር? ዓርብ ወላጆች ይሰበሰባሉ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ገጹን በትልቁ ስክሪን ሊያሳዩ ነው፣ እሷንም መድረክ ላይ ሊያወጧት። «ይሄ ገጽ ያልላካችሁትንም ይወስዳል» ካለች ያ ሁሉ ገደል ገባ፤ ግቢው በሙሉ ሰላይ ይላታል። ባትናገርስ? አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም። ረቂቁን ለይታ፣ መስመሮቹን አጥፍታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መሆን ትችላለች። ጣቷ የማጥፊያው ቁልፍ ላይ ቆየ። መስመሮቹን ብታጠፋቸውም ያነበበችው ከራሷ አይጠፋም። አላጠፋችም፤ አልተናገረችምም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ረቡዕ በዙሪያ ጥምጥም ልትጠይቃት ሞከረች።

«ዛሬ እናንተ ቤት ላጥና?»

«ኧረ ዛሬስ አይሆንም!» አለች ሬዲዮ። «ወንድሜ ጓደኞቹን ሰብስቦ ቤቱ ገበያ ሆኗል። እግር መዘርጊያ የለም ስልሽ!» ሳቀች፤ እንደ ወትሮዋ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ። ከዓይኖቿ ሥር ግን ጠቁሯል። ቁንጫ ይህን ከመቼ ጀምሮ ሳታይ እንደቀረች አላወቀችም።

«እሺ እኛ ቤት ነያ። እዚያው ታድሪያለሽ።»

«ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን። ወንድሜ እራት ማን ይሠራለታል?» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ዘለለች።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ቁንጫ ዳቦም አልያዘች። የኮምፒውተር ክፍሉን በር ዘግታ ዝርዝሩ ፊት ተቀመጠች። ከማሽኖቹ ማቀዝቀዣ በቀር ድምፅ የለም። የውጪው ጫጫታ በመስኮቱ አልፎ ሲደርስ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ጠበቀች። እንዳይመጣም ተመኘች።

«ትናንት»

ሦስት ሰከንድ።

«ትናንት አንኳኳ»

ሦስት ሰከንድ።

«ትናንት ስሜን ጠራኝ»

ቁንጫ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቀጣዩ መስመር ዘገየ፤ ሲመጣ ረጅም ነበር።

«ትናንት ስሜን ጠራኝ። ወንድምሽ ዛሬም የለም አይደል? አለኝ»

ከዚያ ያው መስመር ራሱ ደግሞ መጣ። ደግሞ። ደግሞ። ገጹ የሚልከው በየሦስት ሰከንዱ ነው፤ የሚለወጥ ነገር ከሌለ ያንኑ ይደግማል። ሬዲዮ መጻፍ አቁማለች፤ መሰረዝም አልጀመረችም። ከግድግዳው ወዲያ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ላይብረሪ፣ የጻፈችውን እያየች ዝም ብላ ተቀምጣለች ማለት ነው። ሰባት ጊዜ። ስምንት። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሞላ። ዘጠነኛው ላይ መጨረሻው ጎደለ፤ «ዛሬም የለም» ላይ ቆመ። መሰረዝ ጀምራለች።

ቁንጫ ወንበሩን ገልብጣ ሮጠች።

ላይብረሪው ውስጥ የመጻሕፍት ኃላፊዋ አንገታቸውን ደፍተው ካርድ ያስተካክላሉ። ሬዲዮ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ናት። መጻፊያው ላይ የቀረው «ትናንት» ብቻ ነው፤ ጣቷ ሊያጠፋው ተዘጋጅቷል።

«ተይው» አለች ቁንጫ እያለከለከች። «ብትሰርዢውም ደርሶኛል።»

«ምኑ ነው የደረሰሽ?» ሬዲዮ መሳቅ ሞከረች።

«ሁሉም። እጀታው። ውሻው። ወንድምሽ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ገጹ ሳትልኪው ከጀርባ ይልካል። መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋባችሁ ብዬ ነበር። ማክሰኞ ነው ያወቅኩት።»

የሬዲዮ ፊት መጀመሪያ ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ ቀላ። 

«ማክሰኞ?» አለች በሹክሹክታ። «ማክሰኞ አውቀሽ ነው ትናንት ላጥና ያልሽኝ? እኔ ስዋሽ ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ?»

«ፈራሁ።»

«አንቺ ምን ያስፈራሻል! እኔ እኮ ለማንም አልነገርኩም። ጽፌ ሳጠፋው ቀለል ይለኛል፣ በቃ። የኔ ነበር እኮ! ሌባ ነሽ።»

«ነኝ» አለች ቁንጫ። እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። «ግን ሰውየው ስምሽን ያውቃል። ብቻሽን እንደሆንሽ ያውቃል። ለተማሪዎች አማካሪዋ ልነግራቸው ነው። ስለ ገጹም እነግራቸዋለሁ።»

«ከነገርሻቸው አላውቅሽም። ሰማሽ? እማዬ ትመጣለች፣ አያቴ ደግሞ...» አልጨረሰችውም።

«እሺ፣ አትወቂኝ። ዛሬ ግን እዚያ ቤት ብቻሽን አታድሪም።»

ኃላፊዋ ቀና ብለው «ዝምታ!» አሉ። ቁንጫ ወጣች። ኮሪደሩን ያዘች። እስከ አማካሪዋ ቢሮ ሃያ እርምጃ አይሆንም፤ እሷ ግን ሁለት ጊዜ ቆመች። ዓርብ ትዝ አላት፣ መድረኩ ትዝ አላት፣ እናቷ ለስብሰባው ያስተኮሰችው ቀሚስም ትዝ አላት። አንኳኳች።

«ግቢ» አሉ አማካሪዋ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩዋት። «ምነው ልጄ? ተጣላሽ እንዴ?»

«ቲቸር፣ መጀመሪያ እኔ ያጠፋሁትን ልንገርዎት» አለች፤ ነገረቻቸውም። የሦስቱን ሰከንድ፣ ያልተላኩትን፣ አይታ ሁለት ቀን ዝም ማለቷን። ከዚያ በሩን ስለሚነካካው ሰው ነገረቻቸው። አማካሪዋ አላቋረጧትም። ፊታቸው ግን ስለ እጀታው ስትነግራቸው ተለወጠ፤ ስልካቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት።

«ማን ናት?»

ቁንጫ አፏን ከፈተች። ያኔ ሳትዘጋው በገባችው በር በኩል ሬዲዮን አየቻት። ኮሪደሩ ላይ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች። አትመጣም፤ አትሄድም። አማካሪዋ ከተቀመጡበት አያዩዋትም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሱኝ» አለች ቁንጫ። «ደወል እስኪደወል። ራሷ ካልነገረችዎት እኔ እነግርዎታለሁ። ሳልነግርዎት አልወጣም።»

አማካሪዋ ሰዓታቸውን አዩ፤ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለደወሉ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ቁንጫ ተነስታ ከግድግዳው ሥር ያለውን ሁለተኛ ወንበር ጎትታ ከራሷ አጠገብ አደረገችው፤ ወደ ኮሪደሩ ሳታይ ተቀመጠችና ጠበቀች።