የዜፌሪኖ ቤት የጎርፍ ቦርሳ

ሽማግሌው ዜፌሪኖን የገደላቸው ጎርፉ አይደለም። ውሃው በሞዛምቢክ የቡዚን ወንዝ ዳር ሲጠራርግ እሳቸው ከነቤተሰባቸው በቤታቸው የሲሚንቶ ጣሪያ ላይ፣ በደረቁ ተቀምጠው ነበር። የሞቱት በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አንድ ኩባያ ወተት ጠጥተው፣ አረፋ እየደፈቁ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ግራሲዬቴ ከአንድ ፖሊስ ጋር በጀልባ ስትደርስ ውሃው ጎድሎ፣ ሬሳው አንሶላ ለብሶ፣ የሟቹ ልጅ ሚስት የነበረችው ዛይዳ ደግሞ ከማንጎው ግንድ ጋር ታስራ ነበር። ከንፈሯ ተሰንጥቋል። አጠገቧ አሮጌ ጎማ ተጋድሟል። ግራሲዬቴ ጎማው ለምን እንደመጣ አልጠየቀችም፤ የታሰረ ሰውና ጎማ ጎን ለጎን ከታዩ ቀጥሎ የሚመጣው ቤንዚን ነው።

«ማን አሰራት?»

«እኛ ነና!» አለች የሟቹ እህት ኦዴቴ። «ባሏን ቀበረች፤ አሁን ደግሞ አማቷን ደገመች!»

«ባሌን የገደለው ወባ ነው» አለች ዛይዳ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ምላስ!»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ወደ ግራሲዬቴ ዞረ። «እስከ ቀትር እንታገሳለን። ገዳዩ ሌላ ከሆነ አሳዪን። ካልሆነ ፍርዱ የኛ ነው።»

ግራሲዬቴ ወተቱ የወጣበትን የጎርፍ ቦርሳ ሰሌን ላይ ዘረገፈችው። በዚህ ወንዝ ዳር በየቤቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ የአውሎ ነፋሱ ወራት ሳይገባ፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣ የሚያዝ የጎርፍ ቦርሳ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ የቤት ሰው አንድ ነገር በገዛ እጁ ያስገባል፤ የሰፈሩ ኮሚቴም ማን ምን እንዳስገባ ይመዘግባል። መዝገቡ ግልጽ ነበር፦ ኦዴቴ ባትሪ መብራት፣ የሟቹ ሌላው ልጅ፣ የዛይዳ ባል ወንድም አዴሪቶ ብስኩት፣ ዛይዳ የዱቄት ወተት።

የመብራቱ ድንጋይ ፈስሶ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል።

«አክስቴ፣ ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ይከፈታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«እውነትዎን ነው። ሰው ለጎርፍ ቦርሳ የሚሰጠው ጎርፍ እንኳ የማይወስደውን ነው።»

ከወተቱ በጥብጣ ለአንዲት ዳክዬ ሰጠች። ዳክዬዋ ጥቂት ቆይታ ሁለት ጊዜ ዞረችና ወደቀች። ሽማግሌው ጥርስ ስላልነበራቸው ወተቱ የሳቸው ብቻ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ የተረፈውን አንድ እሽግ ብስኩት ከፍታ አንዱን ቆረጠመችው። ቀጭ አለ።

«ያንተ ነው?»

«የኔ ነው» አለ አዴሪቶ። «ጥቅምት ላይ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳውን የከፈተች እሷ ብቻ ናት። በአባቴ ሬሳ እምላለሁ!»

ግራሲዬቴ እሽጉን ገልብጣ አየችና ለፖሊሱ በጆሮው አንሾካሾከችለት። ፖሊሱ ወደ ሰፈሩ ሱቅ ሄደ።

«ምነው፣ ብስኩቱን ሊያስሩት ነው እንዴ?» ሲል አዴሪቶ አሾፈ፤ ሰውም ሳቀ።

ግራሲዬቴ ወደ ማንጎው ሄደች። «ዛይዳ፣ አዴሪቶ ካንቺ ምን ይፈልጋል?»

«ባሌ ሲሞት በወጉ ልውረስሽ አለኝ፤ እምቢ አልኩት። አማቴም ወገኑልኝ፤ ቤቱን በስሜ አዛወሩልኝ። ይህን ከሰማ ሳምንት አልሞላውም ነበር፣ ነፋሱ መጣ።»

ፖሊሱ ባለሱቁን አስከትሎ ሲመለስ ግራሲዬቴ ሰዉን ሁሉ በሬሳው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ሽማግሌውን መግደል ብቻ አይበቃም ነበር» አለች። «ቤቱ የዛይዳ ሆኗል። እሷም መቃጠል ነበረባት፤ ማቃጠያውን ደግሞ እናንተ በነጻ አመጣችሁለት። ስለዚህ ገዳዩ መርዙን ከሌላ ነገር ሳይሆን ከእሷ ወተት ጨመረው። ብልህ ነው! ግን ጣሪያው ላይ አብሮ እንደሚሰነብት ያውቃል፤ ቦርሳ ውስጥ ያለው ደግሞ የራሱ የሻገተ ብስኩት ነው። አባቱን ሲመርዝ ያልራራ ሰው ለሆዱ ራራ። ብስኩቱን በትኩስ ቀየረው።»

እሽጉን ከፍ አደረገች።

«የተመረተው ዘንድሮ ጥር ላይ ነው፤ ተጽፏል። ጥር ላይ የተጋገረ ብስኩት ጥቅምት ላይ ቦርሳ ውስጥ እንዴት ገባ፣ አዴሪቶ?»

ሳቁ ጠፋ። «አይጥ... አይጥ በልቶት ነበር። ማክሰኞ የማስጠንቀቂያው ባንዲራ ሲሰቀል ቀየርኩት። ይሄ ምን ወንጀል አለው?»

«ወንጀል የለውም። ታዲያ እሷ ብቻ ናት የከፈተችው ብለህ በአባትህ ሬሳ ለምን ማልክ?»

ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ብስኩቱንና የአይጥ መርዙን ባንድ ፌስታል ነው የወሰደው» አለ። «ምን ያደርግልሃል ብለው፣ 'ቤቴን የያዘ ሽማግሌ አይጥ አለ' አለኝ። ስንስቅ ነበር።»

ካቴናው ሲቆለፍ የሰማ እንጂ ቀና ብሎ ያየ የለም። ዛይዳን ያሰሩት እጆች አሁን የየኪሳቸውን ጥልቀት ይለካሉ።

«በሉ ፍቷት እንግዲህ» አለች ኦዴቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «የለቅሶውን ምግብ ማን ይሠራል?»

ዛይዳ ተፈታች። ያበጠ አንጓዋን እያሻሸች ወደ ግራሲዬቴ ተጠጋች።

«ቤቱ አሁንም የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

ወደ ደጁ ሄዳ መድረኩ ላይ ቆመች።

«አማቴን አስገቡልኝ። እሳቸውን የማጥባቸው እኔ ነኝ። ሌሎቻችሁ ከግቢዬ ውጡ።»

«ወዴት እንሂድ?» ኦዴቴ ጮኸች። «ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ ነው እኮ!»

«እሱን ጎርፉን ጠይቂው» አለች ዛይዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ እያለቻት።